የወንዶች የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፦ መጀመሪያ ሽንቱ፣ ቀጥሎ መድኃኒቱ

ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ከወንዶች በብዛት የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነው። ሰውየው ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ጠብቆ ጠጋ ይላል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሽንቴን ያቃጥለኛል፣ ሲፕሮ አለ?» ይለኛል፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ማለቱ ነው። የኔም መልስ አይለወጥም፦ መጀመሪያ ሽንትዎን ለምርመራ ይስጡ፣ መድኃኒቱ ይደርሳል። ለምን እንደሆነ ግን ወረፋ ባለበት አስረድቶ መጨረስ አይቻልም። ስለዚህ ከምልክቱ እስከ መድኃኒቱ ያለውን በቅደም ተከተል እዚህ ጽፌዋለሁ። ለባልዎ ወይም ለአባትዎ ብለው የሚያነቡም ካሉ እንዲሁ ይጠቀሙበት።

አንድ ነገር አስቀድመው ይያዙ። የሴት የሽንት ቧንቧ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የወንድ ግን 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ባክቴሪያው ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ ፊኛ ውስጥ መግባት ስለሚከብደው ወንዶች በዚህ በሽታ የሚያዙት ከሴቶች በጣም ባነሰ ቁጥር ነው። ከተያዙ ግን ብዙውን ጊዜ ከጀርባው ሌላ ነገር አለ፦ ያበጠ ፕሮስቴት (ከፊኛ ሥር ያለው የወንዶች እጢ)፣ ጠጠር፣ ስኳር፣ የጠበበ የሽንት ቧንቧ፣ ወይም በቅርቡ የገባ የሽንት ቱቦ (ካቴተር)። በወጣቶች ላይ ደግሞ የሽንት ኢንፌክሽን የመሰለው ነገር ሲመረመር በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ በሽታ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ለሚስትዎ ታዝዞ የተረፈው ኪኒን ለእርስዎ የማይሆነውም ለዚህ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ከላብራቶሪ የተሰጠ፣ ክዳኑ ግጥም የሚል የሽንት ዕቃ (ባክቴሪያው እንዲበቅል ለሚደረግበት ምርመራ፣ ለካልቸር፣ ከሆነ ስቴራይል ማለትም ከጀርም የጸዳ፣ እስከዚያው ያልተከፈተ)
- ሳሙና፣ ንጹሕ ውኃና ሶፍት
- ቴርሞሜትር
- አሁን የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ዝርዝር፦ የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የደም ማቅጠኛ፣ የጨጓራ፣ ሁሉም
- ከዚህ በፊት ያሳከክዎት ወይም ያሳበጥዎት መድኃኒት ካለ ስሙ
- የድሮ የምርመራ ወረቀቶች ካሉ
- ላብራቶሪው ሩቅ ከሆነ ፌስታልና በረዶ

ደረጃ 1፦ ምልክቱን ይለዩ

«ያቃጥለኛል» ብቻውን አይበቃም። በሽታው የሚለየው ከማቃጠሉ ጋር አብሮ በመጣው ነገር ነው።

*ፊኛ ላይ ብቻ ከሆነ፦* ሲሸኑ ያቃጥላል። ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ ሲሄዱ ግን ጠብ ጠብ ብሎ ያበቃል። ከእምብርት በታች ይከብዳል። ሽንቱ ይደፈርሳል፣ ይሸታል፣ አንዳንዴም ደም ይቀላቀልበታል። ትኩሳት የለም።

*ኩላሊት ከደረሰ፦* ትኩሳቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይሆናል። ብርድ ብርድ ይላል፣ ያንቀጠቅጣል። ከኋላ፣ ከታችኛው የጎድን አጥንት ሥር፣ በአንድ ጎን ያማል። ማቅለሽለሽና ማስመለስም ይኖራል።

*ፕሮስቴት ከሆነ፦* ሕመሙ በቆለጥና በፊንጢጣ መካከል ነው፤ ሲቀመጡ ይብሳል። ሽንት ለመጀመር ያስቸግራል፣ ከጀመረም ይቆራረጣል። ድንገት የተነሳ የፕሮስቴት ኢንፌክሽን ከፍተኛ ትኩሳት ይዞ ይመጣል። የቆየው ደግሞ ትኩሳት ላይኖረው ይችላል፤ እየሄደ እየመጣ ለወራት ያሰቃያል።

*ከብልት ጫፍ ፈሳሽ ካለ፦* ጠዋት የውስጥ ሱሪ ላይ ነጭ ወይም ቢጫ መግል ከታየ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ጨብጥና ክላሚዲያ ናቸው። ጨብጥ ከግንኙነቱ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታያል። ክላሚዲያ ዘግየት ይላል፣ ፈሳሹም ቀጭን ነው፤ አንዳንዴ መጠነኛ ማቃጠል ብቻ ይሆናል።

«ብርድ ነው የመታኝ» የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው። ብርድ ሽንት ያበዛል እንጂ መግል አያመጣም፣ ትኩሳትም አያመጣም። ብርድ ነው ብለው አንድ ሳምንት ከጠበቁ ፊኛ ላይ የነበረው ኢንፌክሽን ኩላሊት ወይም ፕሮስቴት ጋ ሊደርስ ይችላል።

የሽንት ቀለም ላይም ይጠንቀቁ። ቀይ ሥር በልተው ከሆነ ሽንት ሊቀላ ይችላል። የቲቢ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ብርቱካናማ ያደርገዋል። እነዚህ በሌሉበት ሽንትዎ ከቀላ ግን ደም ነው ብለው ያስቡ። ሕመም የሌለው ደም ከሚያመው ደም ይልቅ ያሳስባል፤ በተለይ ከ40 ዓመት በላይ ለሆነ ወይም ሲጋራ ለሚያጨስ ሰው የፊኛ ካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳይመረመር አይታለፍም። የታችኛው አዋሽ ሸለቆ ወይም ቤኒሻንጉል ውስጥ ኩርሙክ አካባቢ ኖረው፣ ወንዝ ውስጥ ታጥበው ወይም ዋኝተው ከሆነ ደግሞ ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገሩ። በእነዚህ ቦታዎች የሽንት ቢልሃርዚያ አለ። የትሉ እንቁላል በብዛት የሚወጣው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት በሚሸና ሽንት ስለሆነ ናሙናው የሚሰጠው በዚያ ሰዓት ነው። መድኃኒቱም ፕራዚኳንቴል እንጂ አንቲባዮቲክ አይደለም።

> ማስጠንቀቂያ፦ እነዚህ ካሉ ቀጠሮ አይጠብቁ፣ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ
> - ሽንት ጭራሽ አልወጣ ካለና ሆድዎ ከታች ከተነፋ
> - ትኩሳትና ማንቀጥቀጥ አብረው ከመጡ፣ በተለይ ስኳር ካለብዎት
> - መድኃኒት ሆድዎ ውስጥ እስከማይቆይ ድረስ የሚያስመልስዎት ከሆነ
> - አንድ ቆለጥ ድንገት በኃይል ካመመ። ቆለጥ ተጠማዝዞ ደም ሊቋረጥበት ይችላል። ከ6 ሰዓት በላይ ከዘገየ የመዳን ዕድሉ እየጠበበ ይሄዳል
> - አዛውንት አባትዎ ትኩሳት ይዟቸው መቀባዠር ወይም ሰው መሳት ከጀመሩ
>
> ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

ደረጃ 2፦ አንቲባዮቲክ ሳይጀምሩ ይቆዩ

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ይህ ነው። ሁለት ሦስት ፍሬ ሲፕሮ እንኳ ከዋጡ ሽንት ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ይዳከማል፤ ላብራቶሪ ውስጥ ላይበቅል ይችላል። ወረቀቱ «ምንም አልበቀለም» ይላል። ባክቴሪያው ግን ፕሮስቴት ውስጥ ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። መድኃኒቱን ሲያቆሙ ይመለሳል። ያኔ የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ፣ በየትኛው መድኃኒት እንደሚሞት የሚያውቅ የለም። ሐኪሙም በግምት ይሄዳል።

እስከዚያው ለሕመሙ ፓራሲታሞል መውሰድ ይችላሉ፤ ምርመራውን አያበላሽም። ውኃም እንደ ልማድዎ ይጠጡ። ማቃጠሉን የሚያስታግሰው ፌናዞፒሪዲን ግን ሽንቱን ብርቱካናማ አድርጎ የስትሪፕ ምርመራውን (ሽንት ውስጥ ተነክሮ ቀለሙ የሚታየውን ወረቀት) ስለሚያዛባ ከናሙናው በኋላ ይሁን።

አስቀድመው ጀምረው ከሆነስ? ምን እንደዋጡ፣ ስንት እንደዋጡና መቼ እንደዋጡ በግልጽ ይናገሩ። ማሸጊያውን ይዘው መሄድ ይበልጥ ጥሩ ነው። የሚቆጣዎት የለም፤ ውጤቱን በትክክል ለማንበብ ይህ መረጃ ያስፈልጋል።

ደረጃ 3፦ ሁለቱን ምርመራ ይጠይቁ

ተራው የሽንት ምርመራ በየጤና ጣቢያው ይሠራል፤ በዚያው ቀን ይደርሳል። መግልና ደም መኖሩን ያሳያል። የባክቴሪያውን ማንነት ግን አይነግርዎትም። ለዚያ ካልቸር ያስፈልጋል። ካልቸር ብዙውን ጊዜ ሆስፒታሎችና ተለቅ ያሉ ላብራቶሪዎች ጋ ነው ያለው፤ ከ2 እስከ 3 ቀን ይወስዳል። አንድ ቀን ባክቴሪያው እንዲበቅል፣ ሌላ ቀን ደግሞ መድኃኒቶቹ እንዲሞከሩበት።

ለሴት ቀላል የፊኛ ኢንፌክሽን ሁልጊዜ ካልቸር ላያስፈልግ ይችላል። ለወንድ ግን መሠራት አለበት። ሐኪሙ ካላነሳው እርስዎ «ካልቸርና ሴንሲቲቪቲ ቢሠራልኝ» ይበሉ፤ ሴንሲቲቪቲ ማለት መድኃኒቶቹ ባክቴሪያው ላይ የሚሞከሩበት ነው። ያሉበት ቦታ ካልቸር ከሌለ ቢያንስ ተራው ምርመራ ከመጀመሪያው ኪኒን በፊት ይሠራ።

ፈሳሽ ካለዎት ወይም በቅርቡ ያለ ኮንዶም ግንኙነት አድርገው ከሆነ ለሐኪሙ አይደብቁ። የሚወሰደው ናሙና ይለያያል፤ ደረጃ 4 ላይ ያዩታል። የኤች አይ ቪና የቂጥኝ ምርመራም በዚያው ይደረጋል።

ደረጃ 4፦ ናሙናውን በትክክል ይስጡ

ብዙ ምርመራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰው ዕቃውን ይቀበላል፣ ሽንት ቤት ይገባል፣ ከመጀመሪያዋ ጠብታ ጀምሮ ጢም አድርጎ ሞልቶ ይመለሳል። ከሆነ አይቀር በወጉ ይስጡ፦

1. የሚመረጠው የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት ነው። ካልሆነ ሽንት ፊኛ ውስጥ ቢያንስ 4 ሰዓት ያህል ይቆይ። ከስትሪፑ ምርመራዎች አንዱ ናይትራይትን ይፈልጋል፤ ባክቴሪያው ናይትራይቱን ለመሥራት ጊዜ ያስፈልገዋል። ሽንት ይዘው መቆየት ካልቻሉ ግን ራስዎን አያስጨንቁ፣ ያለዎትን ይስጡ።
2. ናሙና ለመስጠት ብለው ሁለት ሊትር ውኃ አይጠጡ። ሽንቱ ሲቀጥን መግሉም ባክቴሪያውም አብሮ ይሳሳል።
3. ቫይታሚን ሲ በብዛት የሚወስዱ ከሆነ ይናገሩ። ስትሪፑ ላይ ያለውን ደምና ናይትራይት እንዳይታይ ሊሸፍነው ይችላል።
4. እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።
5. ሸለፈት ካለዎት ወደ ኋላ ይሰብስቡት። የብልቱን ጫፍ በውኃ አጥበው በሶፍት ያድርቁ። በአልኮል ወይም በዴቶል አይጥረጉት፤ ያቃጥላል፣ ወደ ዕቃው ከገባም ባክቴሪያውን ይገድላል።
6. ክዳኑን ሲከፍቱ ውስጡን በጣት አይንኩ። ክዳኑንም አፉን ወደ ላይ አድርገው ያስቀምጡት።
7. የመጀመሪያውን ሽንት ሽንት ቤቱ ውስጥ ይልቀቁት። ቧንቧው ጫፍ ላይ ያለው የቆዳ ባክቴሪያ በዚያ ይታጠባል።
8. ሳያቋርጡ ዕቃውን ያስገቡና መካከለኛውን ሽንት ግማሽ ድረስ ይሙሉ። የብልቱ ጫፍ ዕቃውን አይንካ።
9. የቀረውን ሽንት ቤቱ ውስጥ ይጨርሱ። ክዳኑን አጥብቀው ይዝጉ።
10. ስምዎንና ሰዓቱን ዕቃው ላይ ይጻፉ፤ ክዳኑ ላይ አይጻፉ። ላብራቶሪ ውስጥ ክዳኑ ተነቅሎ ይቀመጣል፤ ስሙም አብሮት ይሄዳል።

ለጨብጥና ለክላሚዲያ ምርመራ ግን ተቃራኒው ነው። የሚፈለገው የመጀመሪያው ሽንት ነው፤ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ብቻ። በሽታ አምጪው ያለው ቧንቧው ውስጥ ስለሆነ ታጥቦ የሚወጣው በመጀመሪያው ሽንት ነው። ከዚያ በፊት ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ቢቻል ሁለት ሰዓት ሳይሸኑ ይቆዩ፤ ጫፉንም አስቀድመው አያጥቡት። ሁለቱም ምርመራ ከታዘዘልዎት ሁለት ዕቃ ይቀበሉ፦ የመጀመሪያው ሽንት በአንዱ፣ መካከለኛው በሌላው።

ካቴተር ያለው ሰው ናሙና ከከረጢቱ አይወሰድም። ከረጢት ውስጥ የቆየ ሽንት ባክቴሪያ አያጣም። ቱቦው ለረጅም ጊዜ የቆየ ከሆነ ባለሙያው አዲስ ቀይሮ ከአዲሱ ይወስዳል።

ደረጃ 5፦ ናሙናውን ቶሎ ያድርሱ

ሽንት ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ክፍል ውስጥ ተቀምጦም ይራባል። ጠዋት 1 ሰዓት ተሸንቶ በፀሐይ ታክሲ ተጠብቆ፣ 5 ሰዓት ላይ የደረሰ ናሙና በሽታ የሌለበትን ሰው በሽተኛ ያስመስለዋል። ቢቻል እዚያው ላብራቶሪ ይስጡ። ከቤት ካመጡ በአንድ ሰዓት፣ ቢበዛ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያድርሱ። ካልተቻለ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡት፤ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ለካልቸር እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። መንገድ ላይ ፌስታል ውስጥ በረዶ ያድርጉበት። ፍሪዘር ውስጥ ግን አይክተቱት።

ደረጃ 6፦ ወረቀቱን ያንብቡ

ውጤቱን የሚተረጉመው ሐኪም ነው። ቢሆንም ምን እየተባለ እንደሆነ ቢገባዎት ጥያቄ ለመጠየቅ ይረዳዎታል።

*ፐስ ሴል (ደብሊው ቢ ሲ)፦* መግል ነው። በማይክሮስኮፕ በአንድ እይታ እስከ 5 ድረስ አያሳስብም። ከ10 በላይ ከሆነ ቧንቧው ውስጥ መቆጣት እንዳለ ያሳያል።

*ናይትራይት፦* ፖዘቲቭ ከሆነ ባክቴሪያ የመኖሩ ዕድል ከፍ ያለ ነው። ኔጋቲቭ ከሆነ ግን ነጻ ነዎት ማለት አይደለም፤ ናይትራይት የማይሠሩ ባክቴሪያዎች አሉ።

*ኤፒቴልያል ሴል ሜኒ (ብዙ)፦* የቆዳ ሴል በብዛት ገብቷል ማለት ነው። ናሙናው ሳይበከል አልቀረም።

*ባክቴሪያ ፊው (ጥቂት)፣ ፐስ ሴል 2–3፦* ይህን ወረቀት ይዞ «ኢንፌክሽን አለብኝ» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። መግል ከሌለ፣ ምልክትም ከሌለ፣ ትንሽ ባክቴሪያ መታየቱ ብቻውን በሽታ አይደለም። ለቼክ አፕ ሄደው የተገኘብዎት ባክቴሪያ ምንም ካላሳመመዎት አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒት አይሰጠውም። በሽንት መንገድ በኩል ኦፕራሲዮን ሊደረግልዎት ከሆነ ግን ጉዳዩ ይለያል።

*ግሉኮስ ፖዘቲቭ፦* የደም ስኳርዎን ይለኩ።

*መግል አለ፣ ካልቸሩ ግን «ኖ ግሮውዝ» (ምንም አልበቀለም)፦* አንቲባዮቲክ ወስደው ነበር፣ ወይም ክላሚዲያ ነው፣ ወይም ጠጠር፣ ወይም የኩላሊት ቲቢ። በተለይ የመጨረሻው እንዳይረሳ፤ በተራ ካልቸር አይበቅልም፣ የራሱ ምርመራ አለው።

*የካልቸር ቁጥር፦* በአንድ ሚሊ ሊትር 100,000 ባክቴሪያ ከሆነና ምልክትም ካለ በግልጽ ኢንፌክሽን ነው። ምልክት ላለው ወንድ ግን አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ብቻ በቅሎ 1,000 ቢደርስም ሐኪሙ ከቁም ነገር ሊቆጥረው ይችላል። «ሚክስድ ግሮውዝ» (የተለያየ ባክቴሪያ በቅሏል) ካለ ናሙናው ተበክሏል፤ ደግመው ይስጡ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ነው።

ከሥር ያለው የመድኃኒት ዝርዝር አጠገቡ ፊደል አለው። «ኤስ» የሚገድለው፣ «አር» ባክቴሪያው የተላመደው ነው። ሲፕሮ አጠገብ «አር» ካለ ስንት ሳምንት ቢዋጥ ዋጋ የለውም።

ደረጃ 7፦ ሕክምናውን ይወቁ

ናሙናውን ከሰጡ በኋላ ውጤቱ እስኪመጣ ሦስት ቀን እያመመዎት መጠበቅ የለብዎትም። ሐኪሙ በግምት የተሻለውን ያስጀምርዎትና ካልቸሩ ሲመጣ ያስተካክለዋል። ናሙናው ከቀደመ ይህ ሁሉ ይቻላል።

- ትኩሳት የሌለው የፊኛ ኢንፌክሽን፦ ብዙውን ጊዜ 7 ቀን። የሚመረጡት ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ኮትሪሞክሳዞል ናቸው፤ ሁለቱም ወደ ፕሮስቴት ሥጋ ይገባሉ። ናይትሮፉራንቶይን ፊኛ ውስጥ ጥሩ ይሠራል፤ ፕሮስቴት ውስጥ ግን በበቂ መጠን አይደርስም። ስለዚህ ፕሮስቴት ሲጠረጠር አይሆንም። አሞክሲሊንም ካልቸሩ «ኤስ» ካላለው አይመከርም፤ ብዙ ኢ. ኮላይ ለምዶታል።
- ድንገተኛ የፕሮስቴት ኢንፌክሽን፦ ከ2 እስከ 4 ሳምንት። የቆየው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። በሦስተኛው ቀን ደህና ቢሆኑም ኪኒኑ የሚረዝመው መድኃኒት ወደዚህ እጢ በዝግታ ስለሚገባ ነው።
- ኩላሊት ላይ ከሆነ፦ ከባድ ከሆነ ተኝተው በደም ሥር መርፌ ይጀመራል፤ ሲሻልዎት ወደ ኪኒን ይቀየራል።
- ጨብጥና ክላሚዲያ፦ በመርፌ የሚሰጥና የሚዋጥ መድኃኒት አንድ ላይ ነው የሚታዘዘው፤ ሁለቱ አብረው የመገኘት ልማድ አላቸው። የትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛዎም አብራ ትታከም። እርስዎ ብቻ ከታከሙ በሽታው ተመልሶ ይመጣል። ሕክምናው ከተጀመረ 7 ቀን እስኪሞላና ምልክቱ እስኪጠፋ ግንኙነት አይኑር። ተራው የሽንት ኢንፌክሽን ግን ወደ ጓደኛዎ አይተላለፍም፤ እሷ መድኃኒት መውሰድ አያስፈልጋትም።

ሚሊግራሙን እዚህ የማልጽፈው ሆን ብዬ ነው። መጠኑ በኩላሊትዎ አቅም ይወሰናል። ለአንድ የ30 ዓመት ጎልማሳ የሚሆነው ለ75 ዓመት አዛውንት ሊበዛ ይችላል።

ደረጃ 8፦ ኪኒኑን በሥርዓት ይዋጡ

*ሲፕሮፍሎክሳሲን ከታዘዘልዎት፦* በቀን ሁለቴ ከሆነ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ብለው ይያዙት። ከወተት፣ ከእርጎ፣ ከአንታሲድ (የጨጓራ አሲድ ማብረጃ)፣ ከአይረንና ከዚንክ ጋር አይውሰዱ። መድኃኒቱ ከእነሱ ጋር ሆድ ውስጥ ይጣበቅና ወደ ደም ሳይገባ ይወጣል። ጨጓራ ያለበት ሰው ሲፕሮውንና አንታሲዱን አከታትሎ ይውጥና «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ይላል። ሲፕሮው ከአንታሲዱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይዋጥ። የስኳር ኪኒን ወይም ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ስኳርዎ ሊወርድ ስለሚችል ደጋግመው ይለኩ።

> ማስጠንቀቂያ፦ ሲፕሮ ጀምረው ከተረከዝዎ በላይ ያለው ጅማት ካመመ ወይም ካበጠ መድኃኒቱን አቁመው ሐኪም ያነጋግሩ። ጅማቱ ሊበጠስ ይችላል። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑና እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ የሚወስዱ ሰዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ። ሲሻልዎት መሮጥ አይጀምሩ። ድንገተኛ የደረት፣ የጀርባ ወይም የሆድ ሕመም ከመጣ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

*ኮትሪሞክሳዞል ከታዘዘልዎት፦* የሰልፋ አለርጂ ካለብዎት አይሆንም። ሰውነትዎ ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ አፍዎ ወይም ዓይንዎ ከቆሰለ ወዲያው አቁመው ይሂዱ። እንደ ኢናላፕሪል ያለ የደም ግፊት መድኃኒት ወይም የደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ካለ አስቀድመው ይናገሩ።

ጾመኛ ከሆኑ ለሐኪሙ ይንገሩት። ሰዓቱን ማስተካከል ይቻላል፤ ኪኒን ዘሎ ማለፍ ግን አይቻልም።

ደረጃ 9፦ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቀን ይከታተሉ

መድኃኒቱ ከያዘ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ማቃጠሉ ይቀንሳል፣ ትኩሳቱም ይወርዳል። በሦስተኛው ቀን ለውጥ ከሌለ ተመልሰው ይሂዱ። የካልቸሩ ውጤት የሚደርሰውም በዚያው ጊዜ ነው፤ ላብራቶሪው እስኪደውል አይጠብቁ፣ ራስዎ ሄደው ይውሰዱት። ሌላ ኪኒን በላዩ አይጨምሩ።

ደረጃ 10፦ ምክንያቱን ይፈልጉ

ወንዶች ይህን ደረጃ ይተዉታል፤ ማቃጠሉ ስለጠፋ። በሽታው እየተመላለሰ የሚያስቸግራቸውም ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው።

ኢንፌክሽኑ ከትኩሳት ጋር ከነበረ፣ ከተደጋገመ፣ ደም ከነበረው፣ ወይም ሽንትዎ ሲወርድ እየቀጠነ ከሆነ የኩላሊት፣ የፊኛና የፕሮስቴት አልትራሳውንድ ይጠይቁ። ሲታዘዝልዎት «ከሸናሁ በኋላም ይታይልኝ» ይበሉ። በሙሉ ፊኛ አንዴ፣ ከሸኑ በኋላ ሌላ ጊዜ ይለካል። ሸንተው ጨርሰውም ብዙ ሽንት ከቀረ ፕሮስቴቱ መውጫውን ዘግቶታል ማለት ሊሆን ይችላል። የቆመ ሽንት ደግሞ ለባክቴሪያ ይመቻል። የጾም የደም ስኳርም በዚያው ይታይ።

ጫት የሚቅሙ ከሆነ ይህን ይወቁ። ጫት የፊኛን አንገት ያጠብቃል፣ ሽንትም ቀስ ብሎ እንዲወርድ ያደርጋል። አፍንጫ የሚከፍቱ አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶችም እንዲሁ ናቸው። ፕሮስቴቱ ላበጠ ሰው ሁለቱም ሽንት እስከ መዝጋት ሊደርሱ ይችላሉ። ሾፌሮች ደግሞ ሽንት መያዝ ልማድ ሆኖባችኋል። ሦስት አራት ሰዓት ከነዳችሁ ቆም ብላችሁ ሽኑ፤ ሽንት ላለመሽናት ብላችሁም ውኃ አትቀንሱ።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

- *ማቃጠሉ ሲጠፋ ኪኒኑን ማቆም።* የተረፈው ባክቴሪያ ፕሮስቴት ውስጥ ይቀመጣል።
- *የተረፈ ኪኒን ለጓደኛ መስጠት።* እሱ ያለበት ጨብጥ ከሆነ ሲፕሮ ላያድነው ይችላል፤ ጨብጥ ይህን መድኃኒት በብዙ ቦታ ለምዶታል።
- *ከካቴተር የወጣ ሽንት ስለሸተተ ወይም ስለደፈረሰ ብቻ አንቲባዮቲክ መጀመር።* ትኩሳት ወይም ሕመም ከሌለ ሽታው ብቻውን መድኃኒት አያስጀምርም።
- *ከዳኑ በኋላ ለማረጋገጥ እያሉ በየሳምንቱ ሽንት ማስመርመር።* ምልክቱ ከጠፋ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ፕሮስቴት ላይ የነበረ ከሆነ ወይም ምልክቱ ከተመለሰ ግን ካልቸሩ ይደገማል።
- *የፒ ኤስ ኤ ምርመራን በኢንፌክሽኑ ሰሞን ማሠራት።* ይህ የደም ምርመራ ለፕሮስቴት ካንሰር ፍለጋ የሚታዘዝ ነው። ኢንፌክሽን ቁጥሩን ከፍ ስለሚያደርገው ሰው በከንቱ ይደነግጣል። ሕክምናው ካለቀ በኋላ ቢያንስ 6 ሳምንት ቆይተው ይሠሩት።